ሁለት ቡናማ ጥቁር አይወልዱም

«ሁለት ቡናማ ጥቁር አይወልዱም። ይሄ የኔ ሐሳብ አይደለም፤ የተፈጥሮ ሕግ ነው» ሲል አባቷን ሰማችው። ጥቁሬ በዚያን ሰዓት ጓሮ፣ ከጥንቸሎቹ ቤት ሥር ተንበርክካ፣ ሌሊቱን የተጠራቀመውን በጠጥ ከትሪው ላይ በመጥረጊያ እያራገፈች ነበር። የጥንቸሎቹ ሽቦ ቤት ከሳሎኑ መስኮት ሥር ግድግዳውን ተደግፎ የተሠራ ስለሆነ፣ መስኮቱ ከተከፈተ ውስጥ ያለ ሰው ሲያዛጋ እንኳ ይሰማል። ስለ ጥንቸል የሚያወራ መስሏት ሥራዋን ቀጠለች። አባቷ ጠዋት ስለ ጥንቸል ካላወራ ሻዩ አይወርድለትም። ወንድሟ ግን የጥንቸል ወሬ ሲጀመር ስልኩን ከኪሱ የሚያወጣ ልጅ ነው፤ ዛሬ ያዳምጣል፤ ጭራሽ ይጠይቃል። «እሺ፣ እትዬ ብትጠይቅ ምን እንላታለን?» አለ። «ምን ብላ ትጠይቃለች? እኔ ቀይ፣ እናትህ ቀይ፣ አንተ ቀይ። እሷ ከየት መጣች? የሞተ ሰው ተቀስቅሶ አይጠየቅ ነገር። እኔ እስከዛሬ ችዬ አሳድጌያለሁ። ከዚህ በላይ ግን የልጄን ክፍል ለማላውቀው ሰው ልጅ አልሰጥም። ትልቀቅልህና ሚስትህን አግባበት።»

ግድግዳ ጆሮ አለው ይላሉ። የዚህ ቤት ግድግዳ ከጆሮም አልፎ ጥንቸል ተሸክሟል። አባትና ልጅ ይህን ረስተውት ይሁን ወይም ጓሮ ያለችውን ሴት ከጥንቸሎቹ ለይተው ሳያስቧት ቀርተው እንጃ። ጥቁሬ ክው ብላ ቀረች። መጥረጊያውን ብታስቀምጥ ኮሽ ይላል ብላ ፈራች፤ ተናጋሪዎቹ ሳይፈሩ ሰሚዋ መፍራቷ ቆይቶ ነው ያናደዳት። ጥቁሬ የመታወቂያ ስሟ አይደለም። ገና ጡት ስትጠባ እናቷ ያወጣችላት የፍቅር ስም ነው፤ ከሰፈሩ ሰው እስከምትሠራበት ላውንደሪ አለቃ ድረስ የሚያውቃት ሁሉ በዚሁ ነው የሚጠራት። አርባ ዓመት ሊሞላት ትንሽ ሲቀራት፣ ያ ስም አንድም ቀን እንደ ክስ ተሰምቷት አያውቅም ነበር። ወንድሟ ብዙ ዓመት ዘግይቶ፣ ቁርጥ እናቱን መስሎ፣ ቀይ ሆኖ የመጣ ልጅ ነው። አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት።

ክፍል የተባለችው ከሳሎኑ ጀርባ ያለችው ናት። አንድ አልጋ ከገባባት ለመተላለፊያ በጎን መሄድ የምትጠይቅ፣ ከሰዓት በኋላ ብቻ ፀሐይ የሚገባባት ጠባብ ክፍል። እናቷ ታማ የተኛችው እዚያ ነው፤ የሞተችውም እዚያው ነው። በዚያ መሃል ጥቁሬን ሊያገባ የፈለገ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ነበር፤ «እናቴን ማን ላይ ጥዬ» ስትለው ጠበቀ፣ ደግሞ ጠበቀ፣ በመጨረሻ ሌላ አገባ። አባትየው ያኔ «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» ይላት ነበር። አሁን የወንድሟ እጮኛ ቤተሰቦች «ልጃችን ኪራይ ቤት አትገባም» ብለዋል። ነገሩ ሁሉ ከዚህ ነው የጀመረው፤ ጥንቸሎቹ የገቡበት በኋላ ነው።

አባቷ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከሰው ጎን ተቀምጦ «አልፈሃል፣ ወድቀሃል» ሲል የኖረ ሰው፣ ጡረታ ሲወጣ የሚጥለው ሰው አጣ። ሚስቱ ስትሞት ደግሞ ቤቱ ጭር አለበት። የሰፈሩ አስተዳደር ለጡረተኞች ያዘጋጀው የጥንቸል እርባታ ሥልጠና ላይ ገባና አንድ ትልቅ ነገር ተምሮ ወጣ፤ የቀለም ሕግ። ቀለም ሁሉ እኩል አይደለም ብሏቸዋል አሠልጣኙ። ጥቁር አለቃ ነው፣ ቡናማ ሎሌ ነው። አለቃ ባለበት ሎሌ አይታይም፤ ተደብቆ ይኖራል። ስለዚህ ሁለት ጥቁሮች ቡናማ ቢወልዱ አይገርምም፤ ሎሌው በሁለቱም ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ነው። ሁለት ቡናማዎች ግን ጥቁር አይወልዱም፤ አለቃ አይደበቅማ። አባቷ ሕጉን የወደደው ይግባኝ የሌለበት የመንገድ ሕግ ስለመሰለው ነው፤ ቀይ መብራት ቀይ ነው፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ የጎረቤቱን ውሻ፣ የዜና አንባቢዋን ዓይን፣ የቤተ ዘመዱን አፍንጫ ሳይቀር አለቃና ሎሌ እያለ ይመድብ ጀመር። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። የእሱ የሚለየው፣ ሰሚው እሱ ሆኖ የሚታነቀው ሌላ ሰው መሆኑ ነው።

ቁርስ ላይ ጥቁሬ ሻይ ቀዳች፣ ዳቦ ቆረሰች፣ የአባቷን የደም ግፊት ክኒን ከብርጭቆው አጠገብ አኖረችለት። ወንድሟ ዳቦውን ሲያኝክ ዓይኑን ከጠረጴዛው ልብስ አበቦች ላይ አላነሳም። ሁልጊዜ ሦስተኛ ማንኪያ ስኳር ሲጨምር ትቆጣው ነበር፤ ዛሬ ሦስተኛውን ጨምሮ ቁጣዋን ጠበቀ፤ አልመጣም። አራተኛ ጨመረ። አባቷ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ከላውንደሪው ዕረፍት ስለሆነች ሁለቱን ዳለቻ ጥንቸሎች ወደ ጋሽ መነጽር ሱቅ እንድታደርስለት ነገራት። «በቡናማ ዋጋ እንዳይወስድብሽ። ዳለቻ ነው በይው፤ እጥፍ ነው» አላት። «እሺ አባዬ» አለች። የራሷን ድምፅ ስትሰማው የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት። ልትናገር ነበር፤ «ሰምቼሃለሁ» ብትለው ይበቃ ነበር። ግን ሕግ ነው ብሏላ። እሷም እኮ ለሁለት ዓመት እነዚያን ጥንቸሎች ስታጸዳ፣ ስትመግብ፣ ስታዋልድ ሕጉ ሲፈርስ አንድም ቀን አላየችም።

አውቶቡስ ውስጥ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ጥንቸሎቹ ሲንቀሳቀሱ አጠገቧ ያለችው ሴትዮ ልብሷን ሰበሰበች። የጋሽ መነጽር ሱቅ በጫማ ሰፊና በመድኃኒት ቤት መሃል የተሰነቀረ፣ ወፍና ዓሣና ጥንቸል አንድ ላይ የሚሸቱበት ጠባብ ቤት ነው። ጋሽ መነጽር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ነው የሚውለው፤ ወደ ዓይኑ የሚያወርደው ገንዘብና ፀጉር ሲያይ ብቻ ነው። አንዷን ዳለቻ አንስቶ ጉልበቱ ላይ አስተኛት፤ ጀርባዋ ላይ እፍ አለ። ፀጉሯ ክብ ሠርቶ ተከፈለና እስከ ቆዳዋ ድረስ ታየ። ሥራው እንደዚህ ነው፤ የላዩን ማንም አያምንም። ላዩ ፀሐይ መቶት፣ ሽንት ነክቶት፣ አሮጌው ፀጉር ሳይረግፍ ቀርቶ ሊያታልል ይችላል። ሥሩ ግን አይዋሽም፤ አባቷም ገዢ ሲመጣ እንዲህ እፍ እያለ ነው የሚያሳየው። «ጥሩ ዳለቻ ናት» አለ ጋሽ መነጽር። የመኖ ዋጋ ጣራ ነካ፣ የቤት ኪራይ ጨመረብኝ፣ ሰው ለልጁ ጥንቸል መግዛት ትቶ ስልክ ይገዛለታል እያለ፣ እያማረረ ከፈላት።

«ጋሼ፣ ሁለት ቡናማ ጥቁር ወልደው ያውቃሉ?» አለችው ገንዘቡን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች።

«በጭራሽ።»

«አንድ ቀን እንኳ?»

«ከወለዱማ ሴቷ ሌላ ቤት አድራለች» ብሎ ሳቀ። እሷ እንዳልሳቀች ሲያይ ሳቁን ቶሎ ሰበሰበው።

«ለሰውም እንደዚሁ ነው?»

ጋሽ መነጽር መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደና ፊቷን አየ፤ ቀጥሎ ግድግዳው ላይ ያሉትን ወፎች አየ። አባቷን ያውቀዋል፤ እናቷንም ለቅሶ ላይ ፎቶዋን አይቷል። «እኔ የምሸጠው ጥንቸል ነው ልጄ» አላት፤ «ሰው ውስጥ አልገባም»። ከዚያ ያላዘዘችውን የመኖ ከረጢት ከፍቶ በትልቁ ማፈሻ አንድ ሁለቴ አፍሶ በፌስታል ሰጣት። ምርቃት ነው አለ። ከሱ ምርቃት አግኝታ አታውቅም፤ የሰው ሐዘኔታ መጀመሪያ የሚመጣው እንዲህ በፌስታል ነው። ጥቁሬ ተቀብላ ወጣች።

ወደ አውቶቡሱ አልሄደችም፤ በእግሯ ነው የተመለሰችው። መንገዱን ሙሉ የምትሠራውን ነገር ማንም ቢያውቅባት መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። ጠቆር ያሉ ሽማግሌዎችን ታይ ነበር። ጋዜጣ ተራ ላይ የተቀመጠውን፣ ከባንክ የወጣውን፣ የልጅ ልጁን እጅ ይዞ መንገድ የሚሻገረውን፤ አፍንጫቸውን፣ ግንባራቸውን፣ ጆሯቸውን። ድሮ እናቷ ቀሚስ የምታሰፋበት አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ጥቁር፣ ዝምተኛ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ የሚውል ሰው። እናቷ ለምን ያን ያህል ቀሚስ አሰፋች? ይህን ስትጠይቅ ራሷን እጅ ከፍንጅ ያዘች። ልብስ ሰፊው ጣቶቹ ረጃጅም እንደነበሩ ትዝ አላት፤ የራሷን ጣቶች ዘርግታ አየች። የእናቷን ገላ አጥባለች፣ አገላብጣታለች፣ የመጨረሻውን ውሃ በማንኪያ ያጠጣቻት እሷ ናት፤ እናም አሁን በጠራራ ፀሐይ ከፌስታል መኖ ጋር ቆማ ያችን ሴት ትጠረጥራለች። የሞተ ተጎዳ። እናቷ መጥታ «ልጄ፣ እንዲህ ነው» ብላ አታስረዳ፣ አትቆጣ፣ አታለቅስ። ጥቁሬ ከአባቷ ንግግር ይልቅ ይሄ ነው ያመማት። እሱ አንድ ጊዜ አወራ፤ እሷ መንገዱን ሙሉ ስታወራው መጣች።

ቤት ስትደርስ የክፍሏ በር ገርበብ ብሏል። ወንድሟ አልጋዋ ላይ በጫማው ቆሞ የመስኮቱን ወርድ በሜትር ይለካል። ሲያያት ሜትሩ ከእጁ አምልጦ እየተጠቀለለ ወደ ቤቱ ገባ።

«መጋረጃ ላሰፋልሽ ብዬ ነው» አለ።

«ለኔ?»

ከአልጋው ወረደ። አንሶላው ላይ የጫማው አሻራ ቀርቷል፤ እሱንም አይቶት በእጁ ሊጠርገው ሞከረ፤ ጭራሽ አሰፋው። ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር፤ ትጣላዋለች፣ ይለይለታል። እሱ የሰው ቤት ገብቶ ዕቃ የሰበረ እንግዳ ይመስል አንገቱን ደፍቶ ነው የሚበድለው። «እትዬ፣ እኔ ምንም አላልኩም እሺ? አባዬ ነው የሚያወራው» አላት። መስማቷን ገና አልነገረችውም፤ ሆዱ ነግሮታል። «አንተ ግን ምን አልከው?» አለችው። «ምን ልበለው? እኔ ስለ ጥንቸል ምን አውቃለሁ» አለ፤ ሜትሩን ኪሱ ውስጥ ከትቶ በጎን አልፏት ወጣ።

አንሶላውን ገፍፋ ዘፈዘፈችው። ከዚያ የምትሄድበት ስላልነበራት ወደ ጓሮ ሄደች። በሬ ካራጁ ይውላል። በግቢው ጥግ፣ ከቆርቆሮው አጥር ጋር፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያርፍበት ቤት ውስጥ ያለችው ወይዘሪት የምትባለው ቡናማ ናት። አባቷ በበጋ ከገበያ ገዝቷት፣ ራሱ ካሳደገው ሻለቃ ከሚባለው ቡናማ ወንድ ጋር ያገናኛት እሱ ራሱ ነው። ከወለደች ሳምንት አልፏታል፤ የመጀመሪያዋ ስለሆነች ትደነግጣለች ብሎ የመውለጃ ሳጥኑን ማንም እንዳይነካ ከልክሎ ነበር። ጥቁሬ ክዳኑን ያነሳችው ለምንም ብላ አይደለም፤ የሞተ ካለ ለማውጣት ነው። እናቲቱ ከደረቷ ነቅላ ያነጠፈችውን ፀጉር በጣቷ ገለጥ አደረገችው። ሞቃት ነው። ግልገሎቹ ተደራርበው ተኝተዋል፤ ፀጉራቸው እንደ ከፋይ በቅሏል። ቡናማ፣ ቡናማ፣ ቡናማ። ከሥራቸው አንዱ ጥቁር ነው። አወጣችው። እጇ መዳፍ ላይ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንፈራገጠ፤ ሆዱም ጥቁር፣ የጆሮው ውስጥም ጥቁር። ወይዘሪትን አየች፤ ቡናማ ናት። ሻለቃን አየች፤ ቡናማ ነው። ዕንባዋ መጣ። ጠዋት ያልመጣው ነው አሁን የመጣው። «ወለዱ» አለች ለብቻዋ።

አባቷ ሳሎን የከሰዓት በኋላ እንቅልፉን ጨርሶ ጫማውን በእግሩ ሲፈልግ ነበር። መዳፏን ከፊቱ ዘረጋችለት። ከየት እንደመጣ ስትነግረው ፊቱ ተለወጠ፤ በነጠላ ጫማ ሆኖ ቀድሟት ወደ ጓሮ ወጣ። ጥቁሬ ሲሮጥ አይታው አታውቅም። ግልገሉን ወደ ፀሐይ አዞረው፣ እፍ አለበት፣ መለሰው። ሻለቃን አወጣ፤ እፍ አለ፤ ሥሩ ድረስ ቡናማ፣ ዓይኑም ፀሐይ ላይ ሲዞር የቡናማ ጥንቸል ሁሉ የሚያሳየውን ቀይ ጭላንጭል አሳየ። አስገባው። ወይዘሪትን አወጣ። ጀርባዋ ላይ እፍ አለ፤ አልበቃውም። ገለበጣት፤ ብብቷ ሥር፣ ከጆሮዋ ጀርባ፣ ፀሐይ የማይደርስበትን ቦታ ሁሉ እየፈለገ እፍ አለ። ዓይኗን አየ፤ ጭላንጭል የለም። ከዚያ ሳቀ፤ ከልቡ ሳቀ።

«ጥቁር ናት!» አለ። «ነይ እዪ ሥሯን። ጥቁር ናት እኮ። ከቆርቆሮው ጋር ፀሐይ አቃጥሏት ነው የቀላችው። እኔ ሞኙ ላይዋን አይቼ ቡናማ ብዬ ገዛኋት። ፀጉሯን እስክትለውጥ መጠበቅ ነበረብኝ። ሕጉ አልተሳሳተም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።» ወይዘሪትን ደረቱ ላይ ለጥፎ ጆሮዋን ይደባብሳል። «እሷ ምን ታድርግ? ያላየሁት እኔ፣ ጥፋቱ የኔ።» እንዲህ በቀላሉ «ጥፋቱ የኔ» ሲል ጥቁሬ በሕይወቷ ሰምታው አታውቅም። ለሰው ብሎት አያውቅም። ፈተና የወደቀ ሰው መኪናው ፍሬን የለውም ሲለው እንኳ «ችሎታ የሌለው ነው ፍሬን የሚወቅሰው» ይል የነበረ ሰው ነው።

«እማዬንስ?» አለችው።

«እናትሽን ምን?»

«እማዬን እንዲህ አድርገህ አይተሃታል? ወይስ የሷን ላዩን ብቻ ነው ያየኸው?»

የአባቷ እጅ የጥንቸሏ ጆሮ ላይ ቆመ። ወንድሟ በድምፁ ተስቦ ወደ መስኮቱ መጥቶ ነበር፤ ወዲያው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለ። ጥቁሬ የጠዋቱን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ነገረችው፤ የተፈጥሮ ሕግ ያለውን፣ የማላውቀው ሰው ልጅ ያለውን፣ ችዬ አሳደግኩ ያለውን። «ለጥንቸሏ ፀሐይ ነው አልክ፣ አሮጌ ፀጉር ነው አልክ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልክ። ለእማዬ አንድ ምክንያት እንኳ አልፈለግክላትም። እኔን እንደ እሷ የወለደ የለም፤ እሷን እንደኔ ያስታመመ የለም። አንተ ከሷ ጋር ይሄን ሁሉ ዘመን ኖረህ፣ ከወይዘሪት ያነሰ ነው የምታውቃት?» አለችው።

አባቷ ጥንቸሏን ቤቷ አስገብቶ በሩን ቀረቀረ። ቀርቅሮ ሲጨርስ ደግሞ መልሶ አረጋገጠ። ፈታኝ ሳለ ሰው አቤቱታ ሲያቀርብበት እንዲህ ነበር፤ ወረቀቱን ያገላብጣል፣ እስክሪብቶውን ይከድናል፣ ይከፍታል። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ እጇን ያዘ። «ልጄ ነሽ» አላት። «ማን አይደለሽም አለ? አፌ ነው፤ እርጅና ነው። አያቴ እኮ እንዳንቺ ነበረች፤ መልኳም አረማመዷም። አንቺን ባየሁ ቁጥር ትዝ ትለኛለች።» ጥቁሬ ይህን ስትሰማ ግድግዳውን ተደገፈች። ቀኑን ሙሉ የፈለገችው ይህን ነበር፤ አገኘችው። እናቷን በልቧ ይቅርታ እየጠየቀች፣ ልብስ ሰፊውን ከአእምሮዋ እያስወጣች፣ የአባቷን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። ወንድሟም መስኮቱ ላይ ተመልሶ «እኔማ ብዬው ነበር» አለ።

ግን አንድ ነገር ቆይቶ ገባት። አያቱ እንዲህ እንደነበረች ዛሬ ከሰዓት በኋላ አላወቀም። ጠዋትም ያውቃል። ሻዩን እየጠጣ «ከየት መጣች» ሲል ያችን አያት ያውቃታል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሕግ ፈልጎ አልነበረም ሰውዬው፤ ሰበብ ፈልጎ ነው። እሷ ደግሞ ሰበብን ማስረጃ ይዛ ልትረታ፣ የጥንቸል ግልገል ታቅፋ ሮጠች።

«ክፍሉስ?» አለች፤ እጁን ሳትለቅቅ።

«ክፍሉማ...» አለ አባቷ፤ ድምፁ ለስልሶ፣ ሽማግሌ ሲመክር እንደሚያደርገው። «አየሽ፣ ባዳ ብትሆኚ እፈራሽ ነበር። ትከሺኛለሽ፣ ፍርድ ቤት ትገትሪኛለሽ። ልጄ ከሆንሽ ግን ይገባሻል። እህት ለወንድሟ ካልለቀቀች ለማን ትለቅቃለች? እሱ ገና ጎጆ መውጣቱ ነው፤ አንቺ ብቻሽን ነሽ፤ አንድ ሰው የትም ይኖራል። ላውንደሪው አጠገብ በደባልነት የሚያከራዩ ሴቶች አሉ ብለሽኝ አልነበር?» እንዳይረሳው ብሎ ደግሞ ጨመረበት። «ጠዋት ጠዋት ግን ከሥራ በፊት ብቅ እያልሽ እነዚህን ታጸጂልኛለሽ። ወገቤን ታውቂዋለሽ። ልጄ አይደለሽ።»

ወንድሟ መስኮቱ ላይ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ፤ ነገሩ በሰላም እንዳለቀ ሰው። ጥቁሬ ሁለቱንም አየቻቸው። ጠዋት ልጅ ስላልሆነች ነበር የምትወጣው፤ አሁን ልጅ ስለሆነች ነው። በመሃል የተለወጠ ነገር ቢኖር መጥረጊያው መጨመሩ ነው። የአባቷን እጅ ለቀቀች። ዕንባዋ ደርቋል፤ የነበረበት ቦታ ላይ ጉንጯን ይቆጠቁጣታል።

«አይ አባዬ» አለች። «ጠዋት ያልከው ይሻለኛል።»

«የቱ?»

«የማላውቀው ሰው ልጅ ናት ያልከው። ባዳ የማንንም የጥንቸል ቤት አይጠርግም።»

ስትናገረው ምን እያደረገች እንደሆነ ታውቃለች። እናቷን ጠዋት መንገድ ላይ በሐሳቧ ሸጠቻት፤ አሁን በአፏ ደገመችው። መልሳ ልትውጠው ምላሷ ላይ ያዘችው፤ ከዋጠችው ግን ነገ ጠዋት ከሰው ደባልነት ተነስታ መጥረጊያ ይዛ እዚህ መንበርከክ ነው፤ ከነገ ወዲያም። አልዋጠችውም። አባቷ እውነት ደንግጦ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ጎረቤት አጥር ተገላምጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በሞተች እናትሽ ላይ እንዲህ ይባላል? በአፈር ላይ?»

«አንተ ስትለው ሕግ ነበር» አለችው፤ ልብሷን ልታጣጥፍ ወደ ክፍሉ ገባች።